ከግድግዳው ወዲያ ያለው ምት

ሰኞ 4

ሊቀመንበሩ ዛሬም ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበር የምንለው የባንዳችንን አለቃ፣ ሳክስፎኒስቱን ነው፤ ባትሪ ለመግዛት እንኳ ስብሰባ ካልጠራ አይሆንለትም። የዛሬው አጀንዳ ጋሼ ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ሲሞት እኛ ቤት ገብቶ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የድራም ስቲክ አያያዝ ያስተማረኝም እሱ። ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ ድራሙ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ግራ እጁ ድንገት ከበደው። ሐኪሙ ቀላል ነው ቢልም፣ ከዚያ በኋላ መድረክ የወጣ ዕለት ምቱ እየዘገየ ዘፈኑን ሁሉ ወደ ኋላ ጎተተው። እስኪያገግም ተብሎ እኔ ተተካሁ። ይኸው እስካሁን ተተክቼ አለሁ።

አሁን የመጻሕፍት መደብሩ ምድር ቤት ያለችው ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የድሮ ዘፈኖች ምሽት ልናቀርብ ነው። ባለመደብሩ የጋሼን ድራም ፎቶ አይቶ አብዷል። ቢያብድም አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለ ድራም ዛሬ አይሠራም። ቀለሙ የወይን ጠጅ፣ ብረቱ በዕድሜ የወየበ፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ ደረት ውስጥ የሚገባ ነው።

«እንግዲህ» አለ ሊቀመንበሩ መነጽሩን እየጠረገ፣ «ድራሙ ይምጣ፤ ሰውየው ይረፍ።»

ቤዝ ጊታር የሚጫወተው፣ ባለቤዙ የምንለው፣ መሬት መሬቱን አየ። ሌሎቹ ዞረው እኔን አዩ። የሥጋ ዘመድ ሲነግረው ይቀለዋል፣ አንቺ ንገሪው ተባልኩ። እሺ አልኩ። ያዘንኩ መምሰል ነበረብኝ፤ መሰልኩም።

ረቡዕ 6

አልነገርኩትም።

ራት ላይ ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። «ዝግጅቱ መቼ ሆነ?»

«ተራዘመ» አልኩት። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ ወጣ። «አዳራሹ ሊታደስ ነው አሉ።»

«እሰይ!» አለ። «እስከዚያ እጄን አፍታታለሁ።»

ይቆጣል፣ ያዝናል ብዬ የተዘጋጀሁት ሁሉ እዚያው ምግቤ ላይ ቀረ። ደስ አለው። እማዬም ደስ ስላለው ደስ ብሏት ሳህኑን እንደገና ሞላችለት።

አሁን ከክፍሌ ግድግዳ ወዲያ ትራስ እየመታ ነው። ድራሙ ጎረቤት ይረብሻል ብላ እማዬ ከተቆጣች ወዲህ ማታ ማታ የሚለማመደው ትራስ ላይ ነው። ጧ ጧ አይልም፤ ዱብ ዱብ ነው የሚለው፣ በካልሲ የሚሄድ ሰው ይመስላል።

ነገ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ 9

ድራሙን ወሰድኩት። የትልቁ ድራም እግር ላልቷል፣ ላስጠግነው አልኩ። እግሩ በእርግጥ ላልቷል። ስለዚህ ይህን እንኳ ውሸት ብዬ አልጽፈውም።

አብሮኝ ተሸከመ። በብርድ ልብስ ጠቀለለው፣ በገመድ አሰረው፣ መኪናው ውስጥ ሲገባ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ሹፌሩን አሰለቸው። ከዚያ አንገቱ ላይ በክር የሚያንጠለጥላትን፣ የድራሙን ብሎኖች የሚፈታባትን ቁልፍ አውልቆ ሰጠኝ። ያቺን ቁልፍ ሲያወልቃት አይቼ አላውቅም። ገላውን ሲታጠብም አብራው የምትታጠብ ይመስለኝ ነበር።

«ሌላ ሰው እንዳይነካው። አንቺ ራስሽ ፍቺው፣ አንቺ ራስሽ ግጠሚው።»

«እሺ ጋሼ።»

ክሩ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር። ኪሴ ከተትኩት።

ማክሰኞ 12

ችግር። ጋሼ ግራኝ ነው።

ድሮም አውቃለሁ፤ ግን ድራሙ ላይ እስክቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ወጣት ሳለ የኦርኬስትራው አለቃ «ወይ በቀኝህ ምታ ወይ ወንበሩን ልቀቅ» አለው፤ ወንበሩን ለቀቀ። ከዚያ ይህን ድራም ገና ቀዳዳ ሳይበሳበት ገዛና ብረቶቹን ሁሉ በራሱ አቀማመጥ ተከላቸው። ታሪኩን መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ትንሿ ድራም፣ ቶሟ፣ ትልቁ ድራም ላይ የምትሰቀልበት ብረት ያለው ለእኔ በተሳሳተው በኩል ነው። ልሞክረው ብዬ ጫማ በግራ በቀኝ አቀያይሮ እንዳደረገ ሰው ተንገዳገድኩ።

ባለቤዙ ለብቻዬ ጠርቶኝ «እኔ ቤት መቆሚያ አለልሽ። ቶሟን እሱ ላይ አስቀምጫት፤ የሰውየውን ዕቃ ምንም መንካት አያስፈልግም» አለኝ።

«ያንተ መቆሚያ ይንቀጠቀጣል» አልኩት።

መቆሚያውን አይቼው አላውቅም።

ዓርብ 15

በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታ። ድራሙን ጠዋት ይዤው መጥቻለሁ። ሁሉም ወጥተዋል። እኛ የሱቅ ሰሌዳና ፊደል ቆርጠን የምንሸጥ ሰዎች ነን፤ መሰርሰሪያ ሞልቷል። ክብ መቁረጫውን ገጠምኩ። ትልቁ ድራም ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ሁለቴ ለካሁ።

በሳሁት።

የእንጨቱ ሽታ ትናንት የተቆረጠ ይመስል ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ውስጡ ትኩስ ሆኖ ነው የቆየው። ከቀዳዳው የወጣችው ክብ እንጨት መሬት ወድቃ ተንከባለለች፤ አንስቼ ኪሴ ከተትኳት። ለምን እንደማልጥላት አላውቅም።

ብረቱን ወደ እኔ በኩል አዛወርኩት። ፔዳሉን በቀኝ እግሬ በኩል አደረግሁ። ቁጭ አልኩ። ሁሉም ነገር እጄ ሥር መጣ፤ ለእኔ የተሠራ መሰለ።

ጊዜ ስለሌለ ነው። የሊቀመንበሩ ጥድፊያ ነው። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

እሑድ 17

ማታ ከግድግዳው ወዲያ ትራሱ ጀመረ። የሚመታውን በምቱ ብቻ ለየሁት፤ የዝግጅታችን ሁለተኛ ዘፈን ነው። ተራዝሟል ያልኩትን ዝግጅት ነው የሚለማመደው።

ስልኬ ላይ ሜትሮኖም አለ፤ የተቀመጠለትን ፍጥነት ይዞ ቲክ ቲክ የሚል። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ሊቀመንበሩ «አሁንም ይጎትታል» ማለቱ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ፈልጌ ነው። እውነት ከሆነ እኮ ጥፋቴ ይቀልልኛል። ስልኩን በዘፈኑ ፍጥነት ከፍቼ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩትና ጆሮዬን ጣልኩ።

ቲክ፣ ዱብ። ቲክ፣ ዱብ። አልዘገየም። እየቆየ ይጎትታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዘው። እኔ ያን ዘፈን መሃሉ ላይ እቸኩላለሁ። እሱ ፍንክች አላለም።

ስልኩን አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቶ እሱም አቆመ። ደክሞት ይሆናል።

ግራ እጁ ተመልሷል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሐኪሙ አያውቅም፣ እማዬ አታውቅም፣ ባንዱ አያውቅም።

ሰኞ 18

ልምምድ። ሊቀመንበሩ ሳክስፎኑን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ ጠየቀኝ። «ለመሆኑ ጋሼ እንዴት ናቸው? እየተሻላቸው ነው? ከተሻላቸው እኮ ሁለት ሦስት ዘፈን እንኳ…»

«እንደዚያው ነው» አልኩ።

«አይ ጋሼ!» አለና ራሱን ነቀነቀ።

የሚነቀነቀው ራስ ልቤን በላው። ግን ቃሌን አልመለስኩም። መንገዱን ሁሉ ለራሴ ስከራከር ሄድኩ፤ ትራስ መምታትና መድረክ ላይ መምታት አንድ አይደለም፣ ቢደክመውስ፣ ቢያመውስ፣ ለጤናው ነው። እቤት ስደርስ በሩን ከፍቶልኝ «ጠገኑልሽ?» አለኝ።

«ጥገናው ከባድ ነው አሉ።»

«አይቸኩሉበት። አሮጌ ዕቃ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።»

ረቡዕ 20

ምሳ ሰዓት ላይ ጻፍኩት፤ ማታ አልችልም።

ትናንት ራት ላይ እማዬ «መድኃኒት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ የዘፈን ምሽት ፖስተር አየሁ። ላዩ ላይ ያለው ድራም ቁርጥ የእኛ!» አለች።

 ጋሼ ቀና ብሎ አላየኝም። ዳቦውን ቆረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። «ያኔ ብዙ ሰው ገዝቶታል» አለ። ሌላ ወሬ ተጀመረ። ተረፍኩ።

ከዚያ ማታ ሜትሮኖሙን እንደገና ከፈትኩ። ይስታል ብዬ ጠበቅሁ። ይሳት ብዬ ጠበቅሁ ብል ይሻላል፤ እዚህ ላይ እንኳ እንዳልዋሽ። አልሳተም። ፍጥነቱን ወደ ሦስተኛው ዘፈን ጨመርኩት፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ወደ ሦስተኛው ዘፈን ተሻገረ። አጋጣሚ ነው።

ዛሬ ሥራ ላይ አንድ ሰሌዳ ገልብጬ ቆርጬ አለቃዬ ጮኸብኝ። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። የሚገባኝን ጩኸት ማንም አልጮኸብኝም።

ዓርብ 22

ነገ ነው።

 እማዬ የጋሼን ግራጫ ኮት ስትተኩስ አገኘኋት።

«የት ሊሄድ ነው?»

«የትም። ተጨማዶ አይቼው ነው።»

ካውያውን ቀና አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የምትነግረኝ ነገር ያላት መሰለኝ። ወይም የምነግራት ነገር እስኪወጣኝ እየጠበቀች ነበር። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ 23

እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

አዳራሿ ጢም ብላ ሞላች። ወንበር ያጡት የመጻሕፍት ሳጥኖች ላይ ተቀመጡ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን ምት ስመታ ድምፁ ጣሪያውን ነክቶ ወደ እኛው ተመለሰና የሰዎቹ ትከሻ አንድ ላይ ሲነሳ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበር። የልምምድ ክፍላችን ድራም ቆርቆሮ ነው፤ ይህኛው ይተነፍሳል። ቀስ ስትዪው ቀስ ብሎ ይመልስልሻል፤ ስትጠነክሪበት አይጮህም፣ ይጠልቃል። እየተጫወትኩ ሳቅሁ። ሊቀመንበሩ ዞሮ አይቶኝ ሳቀ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ካልጻፍኩ ሌላውን መጻፌ ዋጋ የለውም፤ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በእረፍቱ መብራት ሲበራ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አየኋቸው። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛለች። ጋሼ ግራጫ ኮቱን ለብሷል። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የስቲኮቹ ጫፍ ብቅ ብሏል።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄጄ ምን እላለሁ? እጁን ሊታጠብ እንደሚሄድ ሰው መስዬ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ። ያን ጊዜ ነው ሊቀመንበሩ ያያቸው። ደነገጠ፤ ግን ማይክሮፎን አጠገቡ ካለ እሱ ድንጋጤ አይበረክትለትም። «መምህራችን፣ የዚህ ድራም ባለቤት፣ እዚህ አሉ! አንድ ዘፈን ይጫወቱልን!» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ ብድግ አለ፤ እማዬ ክርኑን ይዛ ለቀቀችው።

መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስቲኮቹን አወጣ። ግራ እግሩን ወደ ፔዳሉ ሰደደ፤ እዚያ የለም። ወደ ቶሟ ቀና አለ፤ እዚያ የለችም። ድሮ ብረቱ የነበረበትን ባዶ ቀዳዳ አየ። ከዚያ አዲሱን ቀዳዳ አየ። ከዚያ ከመጋረጃው ወጥቼ አጠገቡ የቆምኩትን እኔን አየ።

ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጨብጫት ነበር። ብረቱን ለመመለስ፣ ፔዳሉን ለማዞር አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። «ትንሽ ጠብቁ፣ እሱ ግራኝ ነው» ማለት ብቻ። ጠበቀኝ። ሰው ጭብጨባውን ጨርሶ ዝም እስኪል ጠበቀኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሊቀመንበሩ ቆጠረ። ጋሼ ጀመረ። እጆቹ ተጠላለፉ፤ ያልለመደው እግር ፔዳሉ ላይ ቀረ፤ አንዱ ስቲክ ከሌላው ጋር ተጋጨ። ባለቤዙ እንደምንም ሊደግፈው ሞከረ። አንደኛው አዝማች ሳያልቅ ጋሼ እጁን አነሳና አቆመ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አሳለ።

ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «ይቅርታ። እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «ልጄ ትቀጥልላችሁ፤ ከእኔ ትሻላለች።»

ከመጀመሪያው የበለጠ አጨበጨቡለት። የሐዘኔታ ጭብጨባ ድምፁ ሌላ ነው። ወንበሩን ሲለቅልኝ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ሊቀመንበሩ ጆሮዬ ሥር «አየሽ? ልክ ነበርን» አለኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ሁለተኛውን ክፍል ተጫወትኩ። ጥሩ ነበር አሉ።

እሑድ 24

ቁርስ ላይ። «ጥሩ መትተሻል» አለ። «ሁለተኛው ዘፈን መሃሉ ላይ ግን ትቸኩያለሽ።»

 እማዬ ሻዬን ስኳር ሳታደርግበት አስቀመጠችልኝ። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ማታ ከግድግዳው ወዲያ ዝም ነው።

ማክሰኞ 26

ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ድራሙን ለቀኝ ገልብጬው ነበር፣ ለዚያ ነው ያልቻለው አልኩት። ማታ ማታ ሲለማመድ ምቱ ልክ እንደነበረም ነገርኩት። ቃል በቃል፣ ሳልቀንስ።

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ለምን ያኔ አልነገርሽንም?»

«እኔ እንጃ።» አውቃለሁ እንጂ እንጃ አይደለም።

«እንግዲህ ያለፈ ነገር ነው» አለ። «ሕዝቡ አንቺን ወዶሻል። ባለመደብሩ በሚቀጥለው ወርም እንድንመጣ ይፈልጋል፤ ያችው ልጅ ትምጣ ብሏል። አሁን የሰውየውን ነገር እንደገና ብንቀሰቅሰው እሳቸውንም ማሳቀቅ ነው።»

ልቆጣ ነው የሄድኩት። ሲለኝ ግን፣ ያችው ልጅ ትምጣ ብሏል ሲለኝ፣ ከውስጤ አንድ ነገር ፈገግ አለ። ፊቴ ላይ እንዳይወጣ ቶሎ ተሰናበትኩት።

ማታ ዝም ነው።

ዓርብ 29

ድራሙን ቤት መለስኩት። ማንንም አላስነካሁም፤ ራሴ ፈታሁት፣ ራሴ ገጠምኩት። ብረቱን ወደ ጥንት ቦታው መለስኩ። ፔዳሉን በግራ እግሩ በኩል አደረግሁ። ያቺን ክብ እንጨት በቀዳዳዋ ልከታት ሞከርኩ፤ መቁረጫው የበላው ስላለ ትወድቃለች። ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጋሼ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ገብቶ በእጁ እንጨቱን ዙሪያውን ዳሰሰው፣ የታመመ ከብት እንደሚዳስስ ሰው። ጣቱ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«በምን በሳሽው?»

«በሥራ ቦታ መሰርሰሪያ።»

«ጫፉ አልተሰነጠቀም» አለ። «ጥሩ እጅ አለሽ።»

ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ቁልፏን ከነክሯ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ ድራሙ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ሌላ ጊዜ እንዳላገኝ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እጅህ ደህና ነው። ከዝግጅቱ በፊት በግድግዳው በኩል በሜትሮኖም ለክቼሃለሁ። አልሳትክም። አንድም ቦታ አልሳትክም። ሲጠይቁኝ እንደዚያው ነው አልኳቸው። ወንበሩን ፈልጌ ነው።»

 የትልቁን ድራም እግር በጫማው ነካ አደረገ፤ ላልቷል፣ እስካሁን አልጠገንኩትም።

«ግድግዳው እኮ ስስ ነው» አለ በመጨረሻ። «ያን ቲክ ቲክ ሰምቼዋለሁ።»

«ሰምተኸዋል?»

«ከትራስ ጋር ስታገል ልጄ ሰምታኝ አዘነችልኝ፣ ከዚያ ማዶ ሆና ምት ትይዝልኛለች ብዬ ነው። እሱን ይዤ እኮ ነው የሄድኩት። ስትፈጥኚ ፈጠንኩ። ስታጠፊው ተኛች ብዬ እኔም እተኛለሁ።» ትንሽ ፈገግ አለ፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። «ለብቻዬ ብሆን እጄ ይዘገይ ይሆናል። እንጃ። ለብቻዬ እስከ መጨረሻው አልሞከርኩትም።»

ወጣ። በሩን እንደ ወትሮው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

አሁን ክፍሌ ውስጥ ነኝ። አልጋዬን ጎትቼ ግድግዳው ሥር አስጠግቼዋለሁ። ስልኬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ሜትሮኖሙን በሁለተኛው ዘፈን ፍጥነት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ከፍቼዋለሁ። እማዬ ከሳሎን «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጮኻ ነበር።

ቲክ ቲክ ይላል። ከወዲያ በኩል የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ስለዚህ አልተኛም። ትራሱ ግን ዝም ብሏል።

አላጠፋውም።